የማጀት ደብተር፦ ከጥር 5 እስከ የካቲት 5

ሰኞ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነገሩን ያስጀመረኝ የባለሱቁ ደብተር ነው። ቅዳሜ ዱቤዬን ልከፍል ሄጄ ገጹን አዙሮ አሳየኝ። ዳቦ። ዳቦ። ፓስታ። የቆርቆሮ ድልህ። ብስኩት። ዳቦ። ግማሽ ሊትር ዘይት። ዳቦ። ከገጹ ሥር ደግሞ "ዞሯል" ይላል፤ ወደሚቀጥለው ገጽ ማለቱ ነው። "ይሄን ሁሉ የወሰድኩት እኔ ነኝ?" ብለው፣ "ልጆቹም ይመጣሉ፣ ጋሼም ይመጣሉ" አለኝ። ጋሼ ባለቤቴ ነው። ማታ ማታ ብስኩት የሚገዛ አይመስለኝም ነበር።

ቤታችን አራት ነን። እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ያስተምራል፤ ሁለት ልጆች አሉን። ሐዋሳ የምንኖረው በኪራይ ነው። ኪራዩ ከተከፈለ በኋላ የሚቀረው ብር አብዛኛው ወደ ድስት ይገባል። ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ የቴሌብር ዝርዝሬን፣ የሱቁን ዱቤና የማስታውሰውን ሁሉ ደመርኩ። ታኅሣሥን ተውኩት፤ ገና ያለበት ወር ሂሳብ አይያዝበትም። ኅዳርን ወሰድኩ። ለምግብ ብቻ 12,640 ብር። ሳሙና የለበትም፣ ትራንስፖርት የለበትም።

ለአንድ ወር ያህል የገባውን ሁሉ ልጽፍ ወስኛለሁ። ኬክ ከምትጋግረው እህቴ ትንሽ ሚዛን ተዋስኩ። ግቤ ከ10,000 በታች መውረድ ነው። የልጆቹ እንቁላልና ወተት አይነካም፤ ማንም ሳይበላ አይተኛም።

እዚህ ትልቁ ገበያ የሚቆመው ሰኞና ሐሙስ ነው። ከመሄዴ በፊት ከሰፈራችን ጉልት አንድ መደብ ሽንኩርት በ30 ብር ገዛሁና ሚዛን ላይ አወጣሁት። 400 ግራም። ኪሎው 75 ብር መጣ ማለት ነው። ገበያ ስደርስ ያው ሽንኩርት በኪሎ 52 ነው። የ23 ብር ልዩነት! አምስት ኪሎ ገዛሁ። 115 ብር አተረፍኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ ጆንያዬን ይዤ ባጃጅ ፈለግኩ። ስሄድ ከሌሎች ጋር ተሳፍሬ 15 ብር ነው የከፈልኩት። ስመለስ ግን ጆንያውን አይቶ ማን ከሰው ጋር ይጭነኛል? ኮንትራት፣ 100 ብር። ደምሩት፤ 115።

ደብተሬ ላይ የመጀመሪያው መስመር "ትርፍ፦ 0" ይላል። የጉልቷ ሴትዮ ደግሞ "መርቂልኝ እንጂ" ስላት ሁለት ቃሪያ ጣል ታደርግልኝ ነበር። ቃሪያው ከታሰበ ከስሬያለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ዳቦ። በቀን ስድስት፣ አንዱ 10 ብር። በወር 1,800። ይሄን ቁጥር ሁለት ጊዜ ነው በካልኩሌተር የመታሁት።

ዛሬ አንድ ነገር ጨመርኩ። ከዋጋው ጎን የተገዛበትን ሰዓት መጻፍ ጀመርኩ።

ዓርብ፣ ጥር 9

ሰዓቱን መጻፌ ጥሩ ሆነ። በአራት ቀን ውስጥ ከሱቅ የመጣው ሁሉ የመጣው በቀን በሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሊሄዱ ሲሉ። ማታ ደግሞ ከ12 እስከ 1 ሰዓት፣ እኔ ከቢሮ ደክሜ ስገባ። በቀረው ሰዓት ማንም ሱቅ አይሄድም።

ዳቦ የምንገዛው ስለምንወደው አይደለም ማለት ነው። ጠዋት ሌላ የተዘጋጀ ነገር ስለሌለ ነው። ፓስታና የቆርቆሮ ድልህ የምንገዛውም ሽንኩርት ከትፌ፣ አቁላልቼ፣ ወጥ እስክሠራ ልጆቹ እንቅልፍ ስለሚወስዳቸው ነው። እኔ ስለ ዋጋ ስጨነቅ ነበር። ጉዳዩ ግን የድካም ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ቤት ውስጥ ግማሽ መንገድ የሄደ ነገር ከጠበቀኝ ሱቅ አልሄድም። ካልጠበቀኝ እሄዳለሁ። ሰኞ አምስት ኪሎ ሽንኩርት ገዝቼ እንኳ ማክሰኞ ማታ ፓስታ ነው የበላነው፤ ሽንኩርቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ እያየን።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ከተራ ነው። ታቦት ከመውጣቱ በፊት በማለዳ ተነስቼ የሳምንቱን ቁሌት ሠራሁ። ይሄን ረዘም አድርጌ ልጻፈው፤ ከወሩ ሁሉ ዋናው ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ሦስት ኪሎ ሽንኩርት። ለመላጥና ለመክተፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ልጄ በር ላይ ቆማ "እማዬ ማን ሞተ?" አለችኝ። ትልቁን ድስት ከሰል ላይ ጣድኩ። ዘይት የለም፣ ውሃ የለም፣ ሽንኩርቱ ብቻ። ድስቱ እስከ አፉ ሞልቷል።

መጀመሪያ ራሱ ውሃ ያወጣል። ይንቦጫቦጫል፤ ሽታውም ጥሬ ነው። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ውሃው ያልቅና ድምፁ ይለወጣል፤ መጥበስ ይጀምራል። ድሮ ዘይት የምደፋው እዚህ ላይ ነበር። ሥሩ ሊይዝ ሲል ደንግጬ ነው የምደፋው፤ ለጣዕም ብዬ አይደለም። ዛሬ በዘይቱ ፈንታ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጠብ አደርጋለሁ፣ የያዘውን በማማሰያ ፍቄ አነሳለሁ፣ ሲደርቅ እንደገና ጠብ። የሚያስጨንቀው ፍቅፋቂ ነው ቀለሙን የሚሰጠው። ሰዓት ሲሞላው ቡናማ ሆነ። አፉ ድረስ ሞልቶ የነበረው ድስት ሲሶው ላይ ወረደ። ሽንኩርት መቼም አብዛኛው ውሃ ነው።

ዘይት የገባው መጨረሻ ላይ ነው። ሦስት የሻይ ብርጭቆ፣ ተለክቶ። ከዚያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። ግማሹን ለአልጫ ለይቼ አስቀረሁና በቀረው ላይ በርበሬ ጨምሬ ሌላ ሩብ ሰዓት አበሰልኩት። በረደ። ሰባት ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ገባ፤ አራት ቀይ፣ ሦስት አልጫ። ፍሪዘር።

የከሰሉ ጉዳይም አለ። በየማታው ለብቻ አቁላልቼ ቢሆን ሰባት ጊዜ ከሰል ማያያዝ ነበር። ዛሬ በአንድ ማያያዝ አለቀ፤ በተረፈው ፍም ላይ ቡና ተፈላ።

የዘይቱን ጀሪካን ደግሞ ከእጄ አራቅኩት። አምስት ሊትር ይዞ የሚደፋ ሰው ስንት እንደደፋ አያውቅም። ግማሽ ሊትር በምትይዝ የውሃ ፕላስቲክ ቀዳሁና የጥፍር ቀለም ይዤ መሐሏ ላይ መስመር አሰመርኩ። በሳምንት ከአንድ ፕላስቲክ በላይ የለም።

እሑድ፣ ጥር 11

ጥምቀት ነው። እንግዳ አለ። ደብተሩ አርፏል።

ሰኞ፣ ጥር 12

12 ሰዓት ከሩብ ገባሁ። አንዱን ቀይ ዕቃ ድስት ውስጥ ገለበጥኩ፣ ውሃ ጨመርኩ፣ ጠዋት የዘፈዘፍኩትን ምስር ክክ ለቀቅኩበት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ገበታ ላይ ነበርን። ከሱቅ የመጣ ነገር የለም።

ባለቤቴ ሁለቴ ጎርሶ "ወጡ ዘይት አንሶታል መሰለኝ" አለ። "ጣዕሙስ?" ብለው፣ "ጣዕሙ ደህና ነው፤ ዘይት ግን አይታይም" አለ። ከላይ ካልተንሳፈፈ ዘይት ያልገባበት ይመስለዋል። አላከራከርኩትም። ሳህኑን ግን በእንጀራ ጠርጎ ነው የተነሳው።

ገበያም ዛሬ በሌላ መንገድ ሞከርኩ። ከጀርባችን ግቢ ያሉትን እትዬን ለመንኳቸው። የሲዳማ ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። "ልጄ፣ ገበያ ሰው ይዘሽ እንጂ ብቻሽን ትሄጃለሽ?" አሉኝ። ባጃጁን ለሁለት ተካፈልን፣ 50 ብር፣ 50 ብር። ዋናው ግን እሱ አይደለም። እትዬ አይቸኩሉም። ቲማቲም የሚገዙት ዞረው ዞረው ሻጮቹ ዕቃቸውን ሊሰበስቡ ሲሉ ነው። ለወጥ የሚሆነው በሳል፣ ለሰላጣ የሚሆነው ጠንካራ፣ ሁለቱን ለየብቻ ያስለኩታል። በሳሉን በግማሽ ዋጋ አገኘነው። እኔ እስከዛሬ ጠንካራውን በሙሉ ዋጋ ገዝቼ፣ ቤት አምጥቼ አብስዬ፣ ከዚያ ነበር ወጥ የምሠራበት።

ሽንኩርትና ድንችን አንድ ጆንያ ውስጥ ስከት አይተው እጄን መቱኝ። አንድ ላይ ከዋሉ ቶሎ ይበላሻሉ። ሽንኩርቱ አየር ወዳለበት፣ ድንቹ ጨለማ ውስጥ።

ዓርብ፣ ጥር 16

የዚህ ወር ኪሳራ ይሄው።

ባለፈው ሳምንት ጤፍ ሳስፈጭ ሩዝ ጨመርኩበት። ሰርገኛ ጤፍ አሥር ኪሎ፣ ሩዝ አምስት ኪሎ። ሩዙ በኪሎ ከጤፉ ይረክሳል፤ እንጀራውንም ነጭ ያደርገዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ከዱቄቱ አምስት ኪሎ አቦካሁ። በሦስተኛው ቀን አብሲት ጥዬ ማክሰኞ ማታ ጋገርኩ። 22 እንጀራ ወጣ። ምን ልበላችሁ፣ ዓይኑ የተበተነ፣ ነጭ፣ ለስላሳ። ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ሁሉ ልኬያለሁ።

ረቡዕ ደህና ነበር። ሐሙስ ጠርዙ መሰንጠቅ ጀመረ። ዛሬ ስጠቀልለው እንደ ወረቀት ተሰበረ። ወጥ ስናደርግበት ይበታተናል፤ ትንሹ ልጄ በማንኪያ በላው። አሥራ አንድ እንጀራ ቀርቶኛል።

እትዬ አጥር ላይ ሆነው ሲሰሙ ሳቁ። "ሩዝ የዕለት ነው። ዛሬ ጋግረሽ ዛሬ ለምትበይው ነው እንጂ ለሳምንት መች ይሆናል?" አሉ። ይሄን ሳላቦካ በፊት ብጠይቃቸው ኖሮ።

አሥር ኪሎ ዱቄት ገና አለኝ። ሂሳቡን ሠራሁት። ሰባት ኪሎ ንጹሕ ጤፍ ፈጭቼ ብደባልቅበት ሩዙ ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ይሆናል። ነገ ወፍጮ ቤት ነኝ።

እሑድ፣ ጥር 18

አሥራ አንዱን እንጀራ ቆራርሼ ሰፌድ ላይ በተንኩት። የጥር ፀሐይ ሐዋሳ ላይ ቀልድ አያውቅም። በአንድ ቀን ተኩል ጭው ብሎ ደረቀ። ድርቆሽ ሆነ። ልጅ ሆኜ አያቴ ለመንገደኛ ስንቅ ስታዘጋጅ ነበር የማውቀው፤ ለራሴ ሠርቼ አላውቅም። በጆንያ አድርጌ ሰቀልኩት።

ጠዋት ደግሞ ወደ ሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወረድን፣ ልጆቹን ይዘን። ማታ መረብ የጣሉት ጀልባዎች የሚገቡት ጠዋት ነው። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ እንደ ዘበኛ ተገትረው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ቆሮሶ ዓሣ፣ ለአራት ሰው የሚበቃ ሥጋውን ገዛሁ፤ ለብለብ ሳይሆን ቤት ወስደን የምንጠብሰው። ከዚያ የሚያጸዳውን ልጅ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ጠየቅኩት። በአንድ ፌስታል ሞልቶ 40 ብር አለኝ።

ጭንቅላቱ ለሾርባ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይባል። ከጉንጩ ሥር ያለው ቀይ፣ ማበጠሪያ የሚመስለው ነገር ሁሉ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ሾርባውን መራራ ያደርገዋል። በቀዝቃዛ ውሃ አጥቤ፣ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በካሮትና በአንድ ሙሉ ቃሪያ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቀቀልኩት። ከዚያ በላይ አይቆይም። አጥልዬ መረቁን ለየሁ፤ ከጉንጩና ከአንገቱ የተገኘውን ሥጋ ለቅሜ መለስኩበት። ሎሚ ተጨመቀበት። ልጆቹ ከምን እንደተሠራ አልጠየቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ዓይን ያለው ነገር ሳህን ላይ ካዩ ሁለቱም አይበሉም። ለሁለት ቀን እራት ሆነን።

ዓርብ፣ ጥር 23

ከረቡዕ ማታ ጀምሮ መብራት የለም። ሁለተኛው ዙር ቁሌት፣ አምስት ዕቃ፣ ፍሪዘር ውስጥ ነው።

ትናንት ፍሪጁን ላለመክፈት ታገልኩ። ዛሬ ከሥራ ስገባ ሥሩ ውሃ ቋጥሯል። ቁሌቱ ቀልጧል፤ ግን አልሸተተም፣ ገና ቀዝቃዛ ነው። መልሼ ማቀዝቀዙን አላመንኩትም። አምስቱንም አንድ ድስት ውስጥ ገልብጬ በደንብ አንፈቀፈቅኩትና አንድ ትልቅ ድስት ምስር ወጥና አንድ ድስት ድንች በካሮት አወጣሁ። ለአራት ሰው የማይታሰብ ነው። ለእትዬ ላክሁ። ለታችኛው ተከራይ ላክሁ። ዘበኛውም ደረሰው።

ደብተሩ ላይ ከ"ኪሳራ" ሥር ልጽፈው ነበር። ባለቤቴ "ስጦታ እንዴት ኪሳራ ይባላል?" አለ። እሺ፤ ሦስተኛ ዓምድ ከፈትኩ። ከዛሬ ጀምሮ ቁሌት ለአምስት ቀን ብቻ ነው የሚሠራው፤ ፍሪዘሩን እንደ ባንክ አላየውም።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ሽሮ። እስከዛሬ በኪሎ እየገዛሁ ነበር። ምን እንደተፈጨበት እግዜር ይወቅ።

የአተር ክክ ሦስት ኪሎ፣ የሽምብራ ክክ ሁለት ኪሎ። ጥሬውን ገዝቶ አምሶ፣ አስከክቶ፣ አንፍሶ መሥራት ይረክሳል። እኔ ግን ቢሮ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ክኩን ገዛሁ። ያን ያህል ጀግና አይደለሁም። ምጣድ ላይ ለብ አድርጌ አመስኩት። የደረቀ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ትንሽ አብሽ፣ በርበሬ። እትዬ እየቀመሱ "ኮረሪማ አንሷል" አሉ። ጨመርን።

ወፍጮ ቤት ወረፋው የራሱ ሕግ አለው። ከበርበሬ ቀጥሎ ጤፍ የሚያስፈጭ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲያስነጥስ ይከርማል። ስለዚህ መጀመሪያ ጤፍ፣ ከዚያ ስንዴና በቆሎ፣ ከዚያ ሽሮ፣ በርበሬ መጨረሻ። ዛሬ አንዲት ሴት ሁለት ኪሎ በርበሬ ይዛ "ልጅ ታሞብኝ ነው፣ ላስቀድም" ብላ ለመነች። ማንም አፍ አውጥቶ እንቢ አላለም፤ ግን ጤፍ የያዙት ሁሉ ከረጢታቸውን ወደ ኋላ ጎተት አደረጉ። እኛ ሽሮ የያዝነው ነን የገባንላት። ከበርበሬዋ ኋላ ቀጥታ ገባሁ። ሽሮዬ ትንሽ ቀላ። በነጻ።

የሱቁ ሽሮ ለአንድ ድስት ሁለት ኩባያ ይፈጅ ነበር። ይሄኛው አንድ ተኩል ይበቃዋል፤ ሌላ ነገር ስላልተደባለቀበት ይመስለኛል። ከሰዓት ወፍጮ ቤት ያየሁትን ሳወራ ቡናው ቀዘቀዘብኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 28

ስለ ጠዋት።

ድርቆሹ ሳንወድ በግድ ቁርስ ሆነ። ማታ ትንሽ ቁሌት በውሃ አቅጥኜ አስቀምጣለሁ፤ ጠዋት አፍልቼ ድርቆሹን ለቀቅ። አምስት ደቂቃ። ስምንት ጠዋት አበላን። የተበላሸው እንጀራ የስምንት ቀን ዳቦ አተረፈልኝ ማለት ነው። እንደዚህ ብዬ ስነግረው ባለቤቴ "ታዲያ ሁልጊዜ አበላሺዋ!" አለ።

አሁን ድርቆሹ አልቋል። ሌላ ሦስት ነገር እያፈራረቅኩ ነው። ስኳር ድንች ማታ ቀቅሎ ማሳደር፤ እዚህ አካባቢ ርካሽ ነው፣ ልጆቹም ይወዱታል። ቅንጬ፣ እሑድ ሲሆንና ጊዜ ሲኖር። ሦስተኛው አምባሻ። እንጀራ ጋግሬ ስጨርስ ምጣዱ እንደጋለ ነው፤ ያን ግለት ነበር ለአየር የምንሰጠው። ቀድሜ ያቦካሁትን የስንዴ ሊጥ ሁለት አምባሻ አድርጌ በዚያው ላይ እጋግራለሁ። መጨረሻ ላይ ትንሽ ማብራት ይፈልጋል እንጂ ከዜሮ አይጀምርም። ለሦስት ጠዋት ይሆናል።

ዳቦ ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ሰው ተነስቶ የሚያረፍድበት ቀን አለ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

እትዬ የምስሩን ውለታ መለሱ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዘው መጡ፤ እሳቸው ዋሳ ነው የሚሉት። "ልጆችሽ ዳቦ ዳቦ ከሚሉ ይሄን ልመጃቸው" አሉኝ።

እኔ ቆጮ የማውቀው ከክትፎ ጋር፣ ሆቴል ውስጥ ነው። ቤት ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ጭረቱን በቢላ ደቃቅ አድርገው ከተፉ። ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ቋጥረው ውሃውን ጨመቁ። አጨማመቃቸው ጉድ ነው፤ እኔ ጨርሻለሁ ብዬ ካስረከብኳቸው ላይ እንደገና ግማሽ ብርጭቆ አወጡ። "ውሃው ካልወጣ ያለቅሳል፣ አይበስልም።" ጨው ነስነስ አድርገው ቅጠል ላይ ስስ አድርገው ዘረጉት፣ በቅጠል ሸፈኑት፣ ምጣድ ላይ። ቤቱን የሞላው ሽታ ለእኔ ትንሽ ይከብዳል። አልዋሽም። ሲበስል ግን ሄደ።

በጎመንና በዳጣ በላን። ትልቋ ልጄ ደገመች። ትንሹ ነካ አድርጎ ተወው። ባለቤቴ እስከ ማታ ሳይርበው ዋለ፤ ለእሱ ይሄ ትልቅ ምስክርነት ነው። እንሰቱ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከተፋቀ በኋላ ደግሞ ተቀብሮ ይቦካል፤ ብዙ ጊዜም ይቆያል። ፍሪጅ የማይጠይቅ ምግብ። መብራት የጠፋ ጊዜ ይሄን ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

በሁለት ሳምንት አንዴ ልንገዛ ነው። እትዬ ይመርጡልኛል፤ እኔ በዓይኔ ጥሩውን ከመጥፎው አለይም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

የነነዌ ጾም ሦስተኛ ቀን። ሦስቱንም ቀን ሽሮ፣ ጎመን፣ ሽሮ። ማንም አላማረረም ብል ውሸት ነው።

ሰላሳ አንድ ቀን ሞላ። ማታ ደመርኩ። 9,480 ብር፣ የባጃጁ ድርሻ ገብቶበት። ከኅዳር በ3,160 ያንሳል።

ከየት እንደመጣ ለየሁት። ዳቦ ከ1,800 ወደ 620 ወርዷል፤ 1,180። ከሱቅ ማታ ማታ የሚመጣው ኮተት፣ ፓስታው፣ የቆርቆሮው ድልህ፣ ብስኩቱ፣ 940። ዘይት 560፤ ጀሪካኑ ገና ግማሽ ገደማ ይዟል፤ ድሮ ወር አይሞላም ነበር። አትክልት 390። ቀሪው እዚህም እዚያም ነው። ከእንጀራው አንድም ብር አላተረፍኩም። ሽሮው እንዲያውም በዚህ ወር ወጪ ነው፤ ሦስት ኪሎ ከምናምን ስላለ በሚቀጥለው ይታያል።

ገበያ ሄጄ ሽንኩርት በርካሽ መግዛት ነበር ዋናው የመሰለኝ። እሱ ከዝርዝሩ መጨረሻ ነው። ብቻዬን በኮንትራት የምሄድ ቢሆን ጭራሽ ባልኖረ። አሁን ከእትዬ ጋር ካልሆነ አልሄድም፤ ሁለት ኪሎ ብቻ ሲያስፈልገኝ ከጉልቷ ሴትዮ እገዛለሁ፣ ከነቃሪያዬ።

ነገ ሐሙስ ነው። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ በሳል ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመን፣ ስኳር ድንች።

ይሄን ጽፌ ክብሪት ልገዛ ሱቅ ወጣሁ። ባለሱቁ "ምነው ጠፋችሁ፣ ተቀያየምን እንዴ?" አለኝ። "ኧረ ምን በወጣን!" ብዬ አፈርኩ። ክብሪቱን በጥሬ ገንዘብ ከፈልኩ፤ ጨውም ጨመርኩ፣ እንዳይከፋው። "ዱቤ አለብን?" ብዬ ጠየቅኩት፣ ለወጉ። ደብተሩን ገለጠ። የእኛ ገጽ ላይ ሦስት መስመር አለ። ብስኩት። ብስኩት። ብስኩት። "የጋሼ ናቸው" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

75 ብር ከፍዬ ገባሁ። 9,480ውን ሰርዤ 9,555 ጻፍኩ።